ለደስታ ማንበብን እንዴት እንልመድ? ለልጆችም ለአዋቂዎችም

ለፈተና ወይም ለሥራ ሳይሆን ደስ ስለሚል ብቻ ስለማንበብ ነው የማወራችሁ። ብዙ ወላጅ ይሄን እንደ ጨዋታ ስለሚያየው "መጀመሪያ ትምህርትህን አጥና" ይላል። እ.ኤ.አ. በ1970 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብሪታንያ ውስጥ በአንድ ሳምንት የተወለዱ ልጆችን እስከ ጉልምስናቸው የተከታተለ ትልቅ ጥናት አለ። በ2013 የወጣ ትንተና እንዳሳየው፣ በ10 እና በ16 ዓመታቸው በራሳቸው ፍላጎት ያነቡ የነበሩት ልጆች ከማያነቡት ይልቅ በቃላት ዕውቀት በጣም ገፍተው ሄደዋል፤ በሒሳብም ጭምር። ሒሳቡ ግር ሊላችሁ ይችላል። ግን ያነበበውን ቶሎ የሚረዳ ልጅ የትኛውንም ትምህርት ለመያዝ ይቀለዋል።

የቤተሰብ ኑሮም ቢሆን ሁሉን ነገር አይወስንም። በ2000 በተሰጠው ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ የ15 ዓመት ተማሪዎች ፈተና፣ ወላጆቻቸው ዝቅተኛ ሥራ ላይ ያሉ ግን ንባብ የሚወዱ ልጆች በአማካይ 540 ነጥብ አመጡ። ወላጆቻቸው ከፍተኛ ሥራ ላይ ያሉት ግን ለንባብ ግድ የሌላቸው 491 ላይ ቀሩ።

ይሄ ሁሉ የሚመጣው ግን ልጁ ማንበብ ሲወድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ዋና ሥራቸው ያንን ፍላጎት አለመግደል ነው።

አንደኛ፦ መጽሐፉን አንባቢው ራሱ ይምረጥ

ኳስ የሚወድ ልጅ ስለ ኳስ ያንብብ። ሥዕል የበዛበት ኮሚክም ንባብ ነው፤ "ይሄ ለሕፃን ነው" ብላችሁ አትቀሙት። ይከብደው እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መላ አለ። መጽሐፉን መሃል ላይ ይክፈትና አንድ ገጽ ያንብብ፣ የማያውቀው ቃል ባጋጠመው ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ ለብቻው ይከብደዋል ማለት ነው። ያኔም ቢሆን "ተወው" አትበሉት፣ አብራችሁ አንብቡት።

ሁለተኛ፦ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ብትበረቱ ደስ ይለኛል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 ወላጆች ከልደት ጀምሮ ለልጆቻቸው እንዲያነቡላቸው መክሯል። ሕፃኑ ታሪኩ ባይገባውም ድምፃችሁን፣ እቅፋችሁንና የገጹን መገለጥ አንድ ላይ ይለምዳቸዋል። ደግሞ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ያለው ቃል ቀላል ይመስላል እንጂ፣ እኛ አዋቂዎች በየቀኑ ስናወራ ከምንጠቀምበት የበለጠ ያልተለመዱ ቃላት አሉት። ልጁ "ግርማ ሞገስ" የሚለውን ከእራት ወሬ ላይሰማው ይችላል፤ ከተረት ግን ይሰማዋል።

አንድ መጽሐፍ ደግመው ደጋግመው ቢያስነብቧችሁ አይሰልቻችሁ። እስቲ ደክሟችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ዝለሉ፤ ልጅቷ እጇን ገጹ ላይ ጭና "አይደለም! መጀመሪያ በሩን አንኳኳ ነው የሚለው" ትላችኋለች። ፊደል ሳትቆጥር ታሪክ በቅደም ተከተል እንደሚሄድ ገብቷታል ማለት ነው።

ልጁ ማንበብ ሲችል ደግሞ "ጎበዝ፣ አሁን ራስህ አንብብ" ብላችሁ አትተዉት። ገና በጣቱ ፊደል እየተከተለ የሚያነብ ልጅ፣ ሲነበብለት ከዚያ እጅግ የሚከብድ ታሪክ መረዳት ይችላል። ለጥቂት ዓመታት ቀጥሉ።

ሦስተኛ፦ ፈተናና ሽልማት ይቅር

በየገጹ "ምን ተረዳህ?" እያሉ ማፋጠጥ ንባቡን የቤት ሥራ ያደርገዋል። መጠየቅ ካማራችሁ "ምኑ ደስ አለህ?" በሉት፣ ካልፈለገ ይለፈው።

ሽልማትም እንደዚሁ። በ1973 በታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ ትንንሽ ልጆች "ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ" ተባሉ። ከሳምንት በላይ ቆይቶ ሲታዩ፣ ሽልማት ካልተነገራቸው ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ለሥዕል የሰጡት ጊዜ በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። ንባብንም በብርና በከረሜላ ከገዛችሁት፣ ብሩ ሲቆም ንባቡም የመቆም ዕድሉ ሰፊ ነው።

አራተኛ፦ ሰዓት ያዙለት

አስራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከመኝታ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፣ በወረቀት መጽሐፍ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ምክንያቱም የስክሪን ብርሃን እንቅልፍ ያዘገያል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፣ የእናንተም ጭምር።

አምስተኛ፦ ራሳችሁስ?

አዋቂው ሁሌ "ጊዜ የለኝም" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚያግደን ያልጨረስነው መጽሐፍ ነው። ከሃምሳ ገጽ በኋላም ከደበራችሁ ዝጉት፤ ማንም ውጤት አይሰጣችሁም። ረጅም ልብ ወለድ ካስፈራችሁ በአጭር ልብ ወለድ ጀምሩ፣ መንገድ ላይ ከሆናችሁ ትረካ አድምጡ።

በ2016 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ 3,635 ሰዎችን መረጃ አይተው ነበር። በ12 ዓመት ክትትል ውስጥ መጽሐፍ አንባቢዎቹ የመሞት ዕድላቸው ከማያነቡት በ20 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ የትምህርት፣ የሀብትና የጤና ልዩነታቸው ከግምት ገብቶም ማለት ነው። መጽሐፍ ዕድሜ ያስረዝማል ብሎ ለመማል አይበቃም፤ ግን ዛሬ ማታ አንድ ምዕራፍ ለማንበብ ይበቃል።

ልጁ ካቆመስ?

አስራ ሦስት፣ አስራ አራት ዓመት ላይ ብዙዎች ድንገት ይተዉታል። አትጨቅጭቁት። እሱ የሚወደውን ነገር የሚመለከት መጽሐፍ ወይም መጽሔት ልጁ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ጣል አድርጉለት፣ እናንተም የራሳችሁን እያነበባችሁ ቆዩ። ካላነሳው ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሌላ ቀይሩት።