የወይን ጠርሙስ የቆሎ ማቅረቢያ ትሪ እንዴት ይሆናል

ቤት ውስጥ የተጠራቀመ ባዶ የወይን ጠርሙስ ካላችሁ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። የቢራና የለስላሳውን ተዉት፣ እሱ ማስያዣ ስላለው ወደ ሳጥኑ ይመለስ። እኔ ማወራው ተመላሽ ስላልሆነውና ከአልጋ ስር አቧራ ስለሚጠጣው ነው። በኪልን ውስጥ ሲሞቅ ለስልሶ በራሱ ክብደት ይተኛል፣ ሲቀዘቅዝ አንገቱ እንደ መያዣ የሆነለት ጠፍጣፋ ትሪ ታገኛላችሁ፣ ለቡና ቁርስ ቆሎም ዳቦ ቆሎም ምናምን ታቀርቡበታላችሁ።

ኪልን ስል የሸክላ መተኮሻውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። የቤት ኦቨን አይሞከርም፣ እሱ 250 አካባቢ ያቆማል እኛ ምንፈልገው ደሞ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የራሳችሁ ከሌላችሁ ሴራሚክ ሚሰራ ሰው ጋ ሄዳችሁ ከፍላችሁ ማስተኮስ ትችላላችሁ፣ ግን ከሸክላ ጋር አንድ ላይ አይገባም፣ የሙቀት አካሄዳቸው ለየቅል ነው።

መጀመሪያ እጥበት። ሙቅ ውሃ ላይ ሶዳ ጨምራችሁ አሳድሩት ወረቀቱ ይላቀቃል፣ የቀረውን ሙጫ በምግብ ዘይትና በሶዳ ለውሳችሁ እሹት። አንገቱ ላይ የቀረች ብረት ካለች በፒንሳ ቁረጧት፣ ቡሽም ክዳንም አይኑር፣ አየሩ መውጫ ካጣ ጠርሙሱ እንደ ፊኛ ይነፋል። ውስጡን በደንብ እጠቡና አፉን ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ ሁለት ቀን አድርቁት፣ ምክንያቱም ሁለቱ ግድግዳዎች ከተጣበቁ በኋላ መሀል የቀረ ቆሻሻ እስከ ዘላለሙ እዛው ነው። የኔ የመጀመሪያዋ ትሪ ሆዷ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለባት፣ ሳልጨርስ የተውኩት የወይን አተላ ነው፣ እንግዳ ሁሉ በጥፍሩ ሊፍቀው ይሞክራል።

ቀጥሎ መደርደሪያው። ጠርሙሱ እንዳይጣበቅ ኪልን ዎሽ ሚባለውን ዱቄት፣ አሉሚናና ካኦሊን ነው ውስጡ፣ በውሃ እንደ ወተት አቅጥናችሁ በለስላሳ ብሩሽ አራት አምስት ጊዜ ቀቡት፣ አንዴ ወደ ጎን አንዴ ወደ ታች። ዱቄቱን ስትበጠብጡ ማስክ አድርጉ። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ በችኮላ እርጥቡን የከተተ ሰው ትሪውን ከነመደርደሪያው ነው ሚያወጣው። ጎድጎድ ያለ ሳህን ከፈለጋችሁ ቀድሞ የተተኮሰ ሚያብረቀርቅ ሽፋን (ግሌዝ) የሌለው የሸክላ ቅርፅ ታች ቀዳዳ አበጅታችሁለት እሱንም እንደዚሁ ቀቡትና ጠርሙሱን ላዩ ላይ አጋድሙት።

አቀማመጥ ላይ አንድ ነገር። 7.5 ሴንቲ ውፍረት ያለው ጠርሙስ ሲተኛ ወደ 12 ሴንቲ ይሰፋል፣ የዙሪያው ግማሽ ማለት ነው፣ ስለዚህ ሁለት ካስቀመጣችሁ በቂ ርቀት ስጧቸው፣ ከተነካኩ ይጣበቃሉ። የተለያየ ፋብሪካ ጠርሙስ ሆን ብሎ ማጣበቅም አይሆንም፣ ሲቀዘቅዙ አጨማደዳቸው እኩል ስላልሆነ ይሰነጠቃሉ። እንዳይንከባለል በሁለቱም በኩል ትንንሽ የተቀባ የሸክላ ስባሪ አስደግፉት።

አሁን እሳቱ። በሰዓት 150 ዲግሪ እየጨመረ እስከ 590 ይውጣ፣ እዛ 10 ደቂቃ ይቆይ። የጠርሙስ ቂጥ ወፍራም ስለሆነ ካቻኮላችሁት ቋ ይላል። ከዛ በሰዓት 120 አድርጋችሁ ወደ 680፣ 30 ደቂቃ፣ አየሩ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከዛ ቶሎ ብላችሁ 795 አድርሱትና 10 ወይ 15 ደቂቃ። ከ700 በላይ ብዙ ከዋለ ላዩ ላይ ነጭ ጉም ነገር ይለብሳል፣ ቆሻሻ ካለበት ደሞ ይብሳል። በማያ ቀዳዳው መከላከያ መነፅር አድርጋችሁ እዩት፣ በባዶ አይን አፍጥጦ ማየት አይን ይጎዳል። መጀመሪያ ትከሻው ይዘነብላል፣ ከዛ ሆዱ ቁጭ ይላል፣ አንገቱ መጨረሻ ነው። ሆዱ ለጥ ካለ በቃ፣ የኪልኑ ቴርሞሜትር ከተባለው ቁጥር ትንሽ ሊለይ ስለሚችል አይናችሁን እመኑ።

አብዛኛው ሰው ሚሳሳተው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ትሪው ሚሰበረው ሲቀልጥ ሳይሆን ሲቀዘቅዝ ነው። ወደ 550 ይውረድና አንድ ሰዓት ሙሉ እዛው ይቁም፣ አኒሊንግ ይባላል፣ ብርጭቆው ውስጥ የተያዘው ውጥረት ሚለቀው እዚህ ነው። ከዛ በሰዓት 80 ዲግሪ እየቀነሰ እስከ 370፣ ከዛ አጥፉትና በራሱ ይብረድ። በሩን አትክፈቱ! እጅ ማያቃጥል ሙቀት እስኪደርስ፣ ይሄ ደሞ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ነው። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ሚባለው እዚህ ጋ በደንብ ይሰራል፣ ቀጭን ስንጥቅ ያለባት ትሪ ጠረጴዛ ላይ ሳምንት ተቀምጣ ማንም ሳይነካት ለሁለት ልትከፈል ትችላለች።

መብራት ቢሄድስ? አትደንግጡ፣ ክዳኑን ብቻ አትንኩ። ኪልን ሙቀት ስለሚይዝ ቀስ ብሎ ነው ሚበርደው። ሲመለስ ጠርሙሱ ገና ሳይተኛ ከሆነ ከቆመበት ቀጥሉ፣ ከተኛ በኋላ ከሆነ ደሞ ቀስ አድርጋችሁ ወደ 550 መልሱትና አንድ ሰዓቷን እንደ አዲስ ቁጠሩላት።

ስታወጡ ከስሩ ነጭ ዱቄት ይኖራል፣ በእርጥብ ስፖንጅ ይለቃል። የሚቧጥጥ ጫፍ ካለ ጥቁሩን የውሃ ብርጭቆ ወረቀት አርጥባችሁ አሹት፣ አዎ ብርጭቆን በብርጭቆ ወረቀት። ማይክሮዌቭም ኦቨንም አታስገቧት፣ በእጅ ትታጠብ፣ ከፍሪጅ ወጥታ ሙቅ ውሃ አይፈሰስባት።