በሌሊት አውሬ ጠርቶ ለማየት፦ ባትሪ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይያዛል

ቀበሮን በሌሊት በድምፅ መጥራት ያን ያህል አይከብድም። የተያዘች ጥንቸል ጩኸት ከስፒከር ትለቃላችሁ፣ የራባት ትመጣለች። ከባዱ የመጣችውን ሳያባርሩ ማየት ነው። እዚያ ላይ ሁሉም ነገር ባትሪያችሁ ላይ ይወድቃል፤ ለአደን ውጡ ለፎቶ ለውጥ የለውም።

መጀመሪያ ሕጉን ጠይቁ። በብዙ አገር በመብራት ማደን ክልክል ነው፣ ወይም ፈቃድ ይፈልጋል።

ባትሪ ስትገዙ ሻጩ ሉመኑን ይነግራችኋል። ሉመን የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ መጠን ነው፤ ሩቅ መድረሱን አይናገርም። እናንተ ካንዴላውን፣ ማለትም ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል በርትቶ እንደሚወጣ የሚለካውን ቁጥር ጠይቁ። የካንዴላውን ስኩዌር ሩት በ2 ስታባዙ ርቀቱን በሜትር ታገኛላችሁ። 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር፣ 40,000 ካንዴላ 400 ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ግን ያ ብርሃኑ እንደ ሙሉ ጨረቃ የሚደክምበት ጫፍ ነው። አውሬውን ለይቶ ለማየት እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቆጥረው።

ቀለሙ ቀይ ይሁን። ቀበሮና ውሻ ቀይ ብርሃን ደብዝዞ ነው የሚታያቸው። የእኛም ዓይን ጨለማ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ነጭ ብርሃን ይህን ወዲያው ያበላሸዋል፣ ቀይ ግን ብዙም አይነካውም። አረንጓዴ ለእኛ ይደምቃል፤ ችግሩ ለእነሱም ይደምቃል። ነጭ ባትሪ ላይ ቀይ ፕላስቲክ መደረብን አልወድም፣ አብዛኛውን ብርሃን ይበላዋል። ከመነሻው ቀይ አምፖል ያለውን ግዙ። ብርሃኑ በመጠምዘዝ ቀስ እያለ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። "ቀጭ" የሚል ማብሪያ ጭር ባለ ሌሊት ሩቅ ይሰማል።

ትርፍ የባትሪ ድንጋይ ያዙ። ብርድ ከሆነ ደረት ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን።

ስትቀመጡ ንፋሱ ከእናንተ ወደሚሄድበት በኩል ያለው ሜዳ በደንብ ይታያችሁ። ቀበሮ ሽታ ፍለጋ በዚያ በኩል ዞራ ነው የምትመጣው። ፊት ለፊታችሁ ቁጥቋጦ አይኑር፤ ብርሃኑ እሱ ላይ አርፎ ይመለስና እናንተኑ ያሳውራችኋል።

አሁን ዋናው። የባትሪ ብርሃን መሐሉ ኃይለኛ ነው፣ ዙሪያውን ግን ደብዛዛ ክብ አለው። የምትሠሩት በዚያ ደብዛዛ ክብ ነው። መሐሉን ከአድማስ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ የታችኛው ጠርዝ ብቻ ሜዳውን ይዳስስ። በአውሬዎቹ ዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ብርሃን እንደ መስተዋት የሚመልስ ሽፋን ስላለ ያቺ ትንሽ ብርሃን ትበቃለች። ሁለት ፍም ቦግ ሲል ታያላችሁ።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ሦስት ሌሊት ብርድ ላይ ተቀምጬ በመጨረሻ አንዲት ቀበሮ መጣች። ዓይኗን ሳይ ደስታው አሸነፈኝና የመሐሉን ብርሃን ፊቷ ላይ ለቀቅኩት። ቀጥ ብላ ቆመች። ደንግጬ አጠፋሁት። ትንሽ ቆይቼ ሳበራ የነበረችበት ሣር ብቻ ይወዛወዛል። እስኪነጋ ብጠራም አልተመለሰችም።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን ከመልቀቄ በፊት መብራቱን አበራለሁ፣ እስክነሳም አላጠፋውም። ቀስ ብዬ፣ ሳላቋርጥ ዙሪያውን እቃኛለሁ። ዓይን ካየሁ እጄ ይቆማል፣ ጠርዙ ዓይኑ ላይ እንዳለ ይቆያል። አውሬው ከቀረበና መለየት ካስፈለገ መሐሉን በጣም በቀስታ ወደ ታች አወርደዋለሁ።

የሚያበራ ሁሉ አውሬ አይደለም። የጠል ጠብታ ያበራል፣ ሸረሪትም ያበራል። በግና ላም ዓይናቸው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ይቆያል፤ በጥሪው የምትመጣ ቀበሮ ግን ብቅ ጥልቅ እያለች ትቀርባለች። በዓይኑ ቀለም አትመኑ፣ እንደሚታይበት አቅጣጫ ይለዋወጣል። የምትቃኙበት ባትሪ ግንባራችሁ ላይ ወይም እጃችሁ ላይ ይሁን እንጂ መሣሪያ ላይ በተገጠመ መብራት ፈጽሞ አትፈልጉ። መብራቱ በዞረበት አፈሙዙም ይዞራል።

አንድ ሌሊት ቀበሮ ነው ብዬ የተከተልኩት ዓይን 60 ሜትር ያህል ሲቀርብ አንገቱ ላይ ማሰሪያ ያለው ውሻ ሆነ። ከኋላው ባለቤቱ በጨለማ እየተራመደ ይመጣ ነበር።