የሰፈር ኳየር እንዴት ይጀመራል?

መጀመሪያ ቦታ ፈልጉ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ዙሪያ ሲፈርስ ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳር ሄዱብን። ስለዚህ ታክሲ ከየአቅጣጫው የሚመጣበትን አራት ኪሎን መረጥን፤ አንድ እድር አዳራሹን ሰጠን። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴን እርሱት፤ ዝናቡ ሲወርድ አጠገባችሁ የቆመውም አይሰማም። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ለሁሉም ይመቻል።

ሰው ማሰባሰቡ አያስቸግርም። ድምፅ አትፈትኑ፤ «እኔ እንኳ ድምፅ የለኝም» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ጥሩ ባስ (ወፍራም የወንድ ድምፅ) ይወጣዋል። ሻይና ዳቦው በወር መዋጮ ይሸፈናል።

ጭንቁ የሚመጣው ዜማውን በድምፅ ስትከፋፍሉ ነው። እኔ በልጅነቴ ኪቦርድ ላይ በተማርኩት መንገድ አልቶዎቹን (ወፈር ያለ ድምፅ ያላቸውን ሴቶች) ከዜማው በሦስተኛ ድምፅ ርቀት ላይ፣ ማለትም ዜማው ዶ ሲል ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብዬ ቆጥሬ ሚ ላይ አስቀምጬ፣ አንድ የትዝታ ዜማ ሦስት ወር አስለማመድኩ። አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ሲሰሙን የነበሩ እናት «ልጄ፣ ይሄ የምን አገር ዘፈን ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ነው፤ ፋና ሲ የሉትም። ዜማው ሬ ላይ ሲያርፍ ሦስተኛው ድምፅ ፋ ነው፤ ሶል ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሲ። አልቶዎቼ በየስንኙ ከቅኝቱ ይወጡ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው በራሱ በቅኝቱ ድምፆች መቁጠር፣ አንዷን ዘሎ ቀጣዩዋን መያዝ ነው፦ ከዶ ጋር ሚ፣ ከሬ ጋር ሶል፣ ከሚ ጋር ላ፣ ከሶል ጋር ላይኛው ዶ፣ ከላ ጋር ላይኛው ሬ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ባዶ ባዶ ይላል፤ ሁለት ሳምንት ታገሡት። ባሶቹ ዶን ይዘው ይቆዩ። አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት ግን ለጊዜው ተዉት፤ በድምፆቹ መካከል ያሉት ርቀቶች ለጀማሪ ጆሮ ያስቸግራሉ።

ሌላም አለ። እኛ ስንዘፍን ድምፅ ማርገብገብ እንወዳለን፤ ሃያ ሰው በየራሱ ሲያርገበግብ ግን ዜማው ይደፈርሳል። ማርገብገቡን ለአውጪው ተዉለት፤ ተቀባዮቹ ቀጥ አድርገው ይያዙ።

ኖታ አያስፈልግም። እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው በስልክ ቀድታችሁ ቴሌግራም ላይ ልቀቁት፤ ሰዉ ታክሲ ውስጥ ይሰማዋል።

ኪቦርድ ባትገዙ ደስ ይለኛል። አብሮት ያለው ሪትም ሰውን ያሰንፋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጉዳችሁ ነው። እኛ ለእንቁጣጣሽ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሄደን ልክ ልንጀምር ስንል መብራት ጠፋ። በግምት መነሻ ድምፅ ሰጠሁ፤ ለካስ ሰቅዬዋለሁ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሶፕራኖዎቹ (ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴቶች) ዝም አሉ፣ ቀጥሎ ቴነሮቹ (ቀጭን ድምፅ ያላቸው ወንዶች)፤ መጨረሻ ላይ አዳራሹ ውስጥ የቀረነው እኔና አንድ ግትር ባስ ነበርን። ከዚያ ወዲህ ክራር ይዤ ነው የምሄደው። ዶን እመታለሁ፤ ሁሉም አፉን ዘግቶ ያዜማታል። በልምምድ ላይ ደግሞ ከፍተኛዋ ድምፅ ስትመጣ አንገታቸውን አያለሁ፤ የአንገት ሥር ከተገተረ መነሻውን ዝቅ አደርጋለሁ።

ልብስ ነጭ ነጠላ ይበቃል። ጥለቱን አንድ ዓይነት እናድርግ ብላችሁ ክርክር ውስጥ አትግቡ፤ እኛ ሁለት ቅዳሜ በልቶብናል።