በፖል የተመረጠ ኤሌክቲቭና ሌሎች በየዓመቱ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ቁጭ ሳትል «ቲቸር፣ ይሄን ኤሌክቲቭ ማን ነው የመረጠልን?» አለችኝ። ኤሌክቲቭ ማለት ተማሪው ራሱ የሚመርጠው ኮርስ ነው። ስልኳን አውጥታ የክፍላቸውን የቴሌግራም ግሩፕ አሳየችኝ። ፖሉ (የድምፅ መስጫው) የተለጠፈው ማታ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ጠዋት ክፍል ሳይገቡ ተዘግቷል። እሷ በዚያ ሰዓት ተኝታ ነበር። ስትነሳ ነገሩ አልቋል።

እኔ እዚህ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተምሬ አሁን እዚሁ አስተምራለሁ። የተማሪዎች አማካሪም ነኝ። ወደኔ የሚመጡት በብዛት የሲቪልና የውሃ ምህንድስና ልጆች ስለሆኑ ምሳሌዎቼ ከዚያው ናቸው። ስህተቱ ግን በሌሎቹም ካምፓሶች፣ ፔዳም፣ ፖሊም፣ ዘንዘልማም ያው ነው።

ኤሌክቲቭን በፖል መምረጥ

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ አራት አምስት ኤሌክቲቭ ይዘረዘራል። ሁሉም ግን አይከፈትም። የሚያስተምር መምህርም፣ በቂ ተማሪም መገኘት አለበት። ስለዚህ «የትኛው ይከፈትላችሁ?» ተብሎ የክፍሉ ተወካይ ይጠየቃል። ተወካዩ ግሩፑ ላይ ይለጥፋል። መጀመሪያ ያዩት ሦስት አራት ልጆች ይነካሉ። ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ብዙ ድምፅ ያለበትን አይቶ እሱኑ ይነካል። ኮርሱ ስለምን እንደሆነ ያነበበ የለም። ግሩፑ ላይ የሚመላለሰው «የማን ኮርስ ነው? ኤ ይሰጣል?» የሚለው ብቻ ነው።

ይሄ ነገር እውነቱን ለመናገር ያበሳጨኛል። አራት አምስት ዓመት ሙሉ የምትማሩትን የሚወስንላችሁ ሌላ ሰው ነው። ሒሳቡን፣ ሎጂኩን፣ እንግሊዝኛውን፣ ሜጀር ኮርሱን በሙሉ። እናንተ የምትወስኑት አንድ ሁለት ኮርስ ብትሆን ነው። እሷን ደግሞ እንቅልፍ ላይ ሆናችሁ ለሌላ ሰው ጣት ትተዋላችሁ?

«ኤ ይሰጣል» የሚለውን ደግሞ በቁጥር እንየው። የአራት ዓመት ፕሮግራም በሴሚስተር 30፣ በጠቅላላው 240 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ነው። ኤሌክቲቩ 5 ቢሆን፣ በኤ እና በቢ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነጥብ ነው። አንድ ጊዜ 5፣ ለ240 ሲካፈል 0.02 ይመጣል። የመመረቂያ ውጤታችሁ ላይ የምትጨምረው ይቺኑ ነው። 3.10 የነበረው 3.12 ይሆናል። ለዚህ ብላችሁ ነው ልትማሩት የምትፈልጉትን የምትተዉት። ያውም ወሬው እውነት ከሆነ! ወሬው ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመት ወሬ ነው። ኤ ይሰጣል የተባለው መምህር ለፒኤችዲ ሄዶ በቦታው ሌላ ሰው ገብቶ አይቻለሁ፤ አንዴም አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ ጂአይኤስና ሪሞት ሴንሲንግ (በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና መሬትን ከሳተላይት ምስል ማጥናት) መውሰድ ፈለገች። ክፍሉ በሙሉ ወደ ሌላ ኮርስ ነጎደ። ዝም አላለችም። ከደብተሯ አንድ ቅጠል ገነጠለችና «ይህ ኮርስ እንዲከፈትልን እንጠይቃለን» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ዶርም ለዶርም ዞረች። ወደኔ ስትመጣ አሥራ አራት ፊርማ ነበራት። ወረቀቱ ታጥፎ ታጥፎ መሐሉ ሊቀደድ ደርሷል፤ አንዱ ጥግ ላይ የወጥ ጠብታ አለበት። የሆነ ሰው ምሳ እየበላ ነው የፈረመላት። ኮርሱ ተከፈተ።

የመመረቂያ ሥራዋን ጣና ላይ ባለው እምቦጭ ላይ ሠራች። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አረሙ የበዛው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። ያን ሁሉ ዳርቻ በጀልባ እየዞሩ መለካት ለአንድ ተማሪ አይሞከርም። እሷ በነጻ የሚለቀቁትን የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስሎች አወረደች። ምስሉ ላይ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። የአንዱን ወር ከሌላው ወር እያስተያየች አረሙ የት እንደሰፋ፣ የት እንደቀነሰ ላፕቶፗ ላይ አሳየችኝ። ዛሬ የምትተዳደረው ካርታ በመሥራት ነው።

ስለዚህ ፖል ሲለጠፍ ተወካያችሁን «ሦስት ቀን ስጠን» በሉት። በሦስት ቀን ውስጥ የኮርሱን ዝርዝር አንብቡ፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። አምና የወሰደ ልጅ ፈልጉና ደብተሩን ተውሳችሁ ግለጡ። ውጤቱን አትጠይቁት። «ከኮርሱ በኋላ ድሮ የማትችለው ምን መሥራት ቻልክ?» በሉት። ተወካዮችም ብትሆኑ እባካችሁ ማታ 5 ሰዓት ላይ አትለጥፉ። ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ ለመጣችው ልጅ ፊርማ የማሰባሰቡን ነገር ነግሬአታለሁ፤ ጊዜው አላለፈባትም።

ሰንሰለቱን አለማየት

ይሄኛውን እኔም ሠርቼዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ላይ ኤፍ አገኘሁ። «በሚቀጥለው ሴሚስተር እደግመዋለሁ» አልኩና ዝም አልኩ። ኮርሱ ለካ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። በሚቀጥለው ሴሚስተር አልነበረም። ያለ ስትሬንግዝ ደግሞ ቲዎሪ ኦፍ ስትራክቸርስ አይወሰድም። ያለ ቲዎሪ ኦፍ ስትራክቸርስ ሬይንፎርስድ ኮንክሪት አይወሰድም። አንድ ኤፍ አንድ ሙሉ ዓመት በላብኝ። ጓደኞቼ ጋዋን ለብሰው ሲመረቁ እኔ ከወላጆች ጋር ተቀምጬ ነበር። ሁሉም ነገር ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ተጽፏል። አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም።

አሁን አዲስ የሚመደብልኝን ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የማሠራው አንድ ነገር ነው። አንድ ኤፎር ወረቀት ያግድም አስቀምጡ። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ለየሴሚስተሩ አንድ አንድ ዓምድ አስምሩ። የእያንዳንዱን ኮርስ ስም ሳጥን ውስጥ ጻፉ። ፕሪሪክዊዚት (አስቀድሞ መታለፍ ያለበት ኮርስ) ካለው፣ ከፊተኛው ወደ እሱ ቀስት አውጡ። ሲያልቅ ወረቀቱን ራቅ አድርጋችሁ እዩት። አንዳንዱ ሳጥን ምንም ቀስት አይወጣውም። አንዳንዱ ሁለትም ሦስትም ይወጣዋል። እነዚያን በቀይ ክበቡ። በቀይ የተከበበ ኮርስ ድሮፕ አይደረግም፤ ማለትም ከተመዘገባችሁ በኋላ አይተውም። በቀይ የተከበበ ኮርስ ላይ ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ከተበላሸባችሁ የዚያኑ ቀን መምህሩ ጋ ሂዱ፤ ፋይናልን አትጠብቁ። ኤፍ ከመጣ ደግሞ «መቼ ነው ድጋሚ የሚከፈተው?» ብላችሁ በዚያው ሳምንት ጠይቁ።

ወረቀቱን ለመሥራት አንድ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ያቺን አንድ ሰዓት ባለማውጣቴ ነው አንድ ዓመት የከፈልኩት።

ጓደኛ ስለመረጠ መምረጥ

ዶርም አብራችሁ ናችሁ፣ ምሳ አብራችሁ ትበላላችሁ፣ ማታም አብራችሁ ትቸክላላችሁ። ኤሌክቲቩ ቢለያይ ጓደኝነቱ አይፈርስም።

የኮርሱን ክብደት ሳያዩ መልፋት

አንዳንዱ ልጅ 3 ኢሲቲኤስ ላለው ኮርስ ሌሊቱን ሙሉ አሳይመንት ሲያሳምር ያድራል፤ 7 ኢሲቲኤስ ያለውን ግን በጠዋቱ ለሁለት ሰዓት ብቻ ያነበዋል። ከዚያ 3ቱ ላይ ኤ፣ 7ቱ ላይ ሲ ይመጣል። የሁለቱ አማካይ 2.6 ነው። ቢገለበጥ ኖሮ 3.4 ይሆን ነበር። ልፋቱ ያው ነው።

አድና ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመተዊያ ጊዜ) ካለፈ በኋላ መምጣት

የመጀመሪያውን ሳምንት «ገና አልተጀመረም» ብሎ ከክፍል የቀረ ልጅ፣ ኮርሱ እንደማይሆነው የሚገባው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ያኔ እኔም የምረዳው ነገር የለኝም። የመጀመሪያው ሳምንት ግቡ።

መውጫ ፈተናን የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ማስታወስ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። የሚጠየቀው ከዋና ዋና ኮርሶች ነው፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምራችሁ የረሳችሁትም ይመጣል። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ ከባዱን ኤሌክቲቭ ቀደም ባለው ሴሚስተር ጨርሱት። የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ የመመረቂያ ሥራ አለ፣ መውጫ ፈተና አለ። እላዩ ላይ ፕሮጀክት የበዛበት ኮርስ ከጨመራችሁ አንዱ መውደቁ አይቀርም።

ክፍቱን ሰዓት ነጻ ሰዓት ማድረግ

የክፍል ሰዓት ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ተሠርቶ ነው የሚሰጣችሁ። ሐሙስን ወደ ማክሰኞ ማዞር አትችሉም። የእናንተ እጅ ያለው ክፍት የተተወው ቦታ ነው። እዚያ ላይ ነው ስህተቱ የሚሠራው።

በአገራችን ሥርዓተ ትምህርቶች 1 ኢሲቲኤስ በብዛት 27 የሥራ ሰዓት ተደርጎ ይሰላል። 30ው 810 ሰዓት ነው። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ቢሆን በሳምንት ወደ 50 ሰዓት ይሆናል። ክፍል የምትቀመጡት 20 ሰዓት ከሆነ፣ የቀረው 30 ሰዓት የትም አልተጻፈም። ያልተጻፈ ሰዓት ደግሞ ይጠፋል። ቡና ይበላዋል፣ ስልክ ይበላዋል። ስለዚህ የተሰጣችሁን ፕሮግራም ለስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አትተዉት። በእጃችሁ ገልብጡት። ክፍቶቹ ላይ የኮርስ ስም ጻፉባቸው። «ጥናት» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ቀላሉን ነው የምታነቡት። «ማክሰኞ ከ4 እስከ 6፣ ሃይድሮሊክስ፣ ጥያቄ መሥራት» ብላችሁ ጻፉ።

ሰውነታችሁንም አስቡት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ፀሐይ 8 ሰዓት ላይ ምን እንደምትመስል የማያውቅ የለም። ከምሳ በኋላ ዶርም አልጋ ላይ ተቀምጦ ቲዎሪ ማንበብ እንቅልፍ መጥራት ነው። ከባዱን ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ አየሩ ቀዝቃዛ እያለ አንብቡት። ከሰዓት በኋላ እጅ የሚያሠራውን ሥሩ፤ ድሮዊንግ፣ ሪፖርት፣ ስሌት። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ፣ ከ8 እስከ 11 የላብራቶሪ ክፍል ካላችሁ በዚያ ቀን ማታ ትልቅ ነገር አታቅዱ። ተማሪዎቼ መሣሪያ ይዘው እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ዓርብ ጁምዓ የምትሄዱም የምሳ ሰዓታችሁን የቡድን ሥራ እንዳይወስድባችሁ ገና ቡድን ሲመሠረት ተናገሩ። በኋላ ከሆነ ሁሉም ለምዶታል።

ኮርስ የምትደግሙ ደግሞ ተጠንቀቁ። የምትደግሙት ኮርስ ከታች ካለው ባች ጋር ስለሚሰጥ ከራሳችሁ ክፍል ፕሮግራም ጋር መጋጨቱ የተለመደ ነው። ብዙ ልጆች መደበኛውን አስቀምጠው ድግሙን በተረፈው ቦታ ለመሸጎጥ ይሞክራሉ። ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ድግሙን አስቀምጡ፤ እሱ ሌላ አማራጭ ሰዓት የለውም። መደበኛው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሴክሽን አለው፤ መምህሩን አስፈቅዳችሁ ከዚያ ሴክሽን ጋር መከታተል ትችላላችሁ። ከተማ ተከራይታችሁ ዘንዘልማ የምትማሩ፣ መንገዱንም ቁጠሩት። በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሰፊ ነው፤ ባጃጁ ሞልቶ እስኪነሳ ግን መጠበቁ አልቀረም። ለ2 ሰዓት ክፍል 1 ሰዓት ከ45 ላይ ከቤት መውጣት ፕሮግራም አይባልም።

አንዴ ጽፎ መተው

መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ የጻፋችሁት ፕሮግራም ሚድ ሲመጣ አይሠራም። አንዱ ኮርስ ከጠበቃችሁት በላይ ይከብዳል፤ ሌላው ይቀላል። ጥምቀት ይመጣል፤ ከከተራ ጀምሮ ሦስት ቀን ከተማው በሙሉ ወደ ሐይቁ ነው፤ እዚያ ሳምንት ላይ ማንም ደብተር አይገልጥም። ይሄን አስቀድማችሁ አስገቡት። ሚዱ ባለቀ ማግስት ቁጭ ብላችሁ ሰዓቶቹን እንደገና አካፍሉ፤ የወደቃችሁበት ላይ ጨምሩ፣ ጥሩ የሠራችሁበት ላይ ቀንሱ።

የኔ ተመካሪዎች የሆናችሁ፣ ረቡዕ ከ9 ሰዓት በኋላ ቢሮ አለሁ። ቀስት ያወጣችሁበትን ወረቀትና በእጅ የጻፋችሁትን ፕሮግራም ይዛችሁ ኑ። ያላለቀም ቢሆን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንጨርሰዋለን።