የዞን ለውጥ በሲያትል፦ «ምክር ቤቱ አልሰማንም» የሚሉ ሰዎች ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከሴንትራል ዲስትሪክት እስከ ራይነር ቢች ባለው የሲያትል ክፍል የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች፣ ሱቆች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መኖሪያ ቤቶች በብዛት ይገኛሉ። የመሬት አጠቃቀም ማስታወቂያ የተጻፈባቸው ትልልቅ ነጭ ሰሌዳዎችም በዚሁ አካባቢ በየጊዜው ይተከላሉ። ሰሌዳው የሚመለከታቸው ሰዎች በኋላ የሚያሰሙት እሮሮ ተመሳሳይ ነው፦ «ጮኽን፣ የሰማን የለም»። እኔም ይህን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ብዙውን ጊዜ የተናገሩት ነገር ትክክል ነበር፤ የተነገረው ግን በማይመለከተው ቢሮ ወይም ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ጥሩ ክርክር በዚህ ምክንያት ሲባክን ማየት ያንገበግበኛል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይለዩ። ማስታወቂያው የሚናገረው ስለ አንድ ቦታና ስለ አንድ አመልካች ነው ወይስ ስለ ሰፊ አካባቢ? ዞን ማለት በአንድ ቦታ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚወስነው የከተማው ምደባ ነው። ባለንብረቱ «የእኔ ቦታ ዞን ይቀየርልኝ» ብሎ ካመለከተ የከተማው ምክር ቤት ጉዳዩን የሚያየው እንደ ዳኛ ነው። ከተማው ራሱ የአንድን ሰፈር ወይም የመላ ከተማውን ሕግ ሲቀይር ደግሞ ምክር ቤቱ ሕግ አውጪ ነው። በከተማው ሕግ የመጀመሪያው «ዓይነት አራት»፣ ሁለተኛው «ዓይነት አምስት» ይባላል። በአንዱ የሚሠራው ዘዴ በሌላው አይሠራም፤ ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹም የሚመነጩት ሁለቱን ከማምታታት ነው።

ለምክር ቤት አባሉ ጻፍኩ፤ «ስለዚህ ጉዳይ መነጋገር አልችልም» የሚል መልስ መጣልኝ

ይህን መልስ ያገኘ ሰው አባሉ ከባለሀብቱ ጋር ወግኗል ብሎ ይጠረጥራል። ምክንያቱ ሌላ ነው። አባሉ በዚያ ጉዳይ ላይ ዳኛ ነው፤ ዳኛ ደግሞ ከአንድ ወገን ጋር ብቻውን አይመክርም። የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን መርህ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሰጣቸው ፍርዶች አጠንክሮታል፤ የግዛቱ ሕግ አውጪ አካልም በ1982 በሕግ አስፍሮታል። ክልከላው ባለሀብቱንና ጠበቃውንም እኩል ይመለከታል። አባሉ ሳያስበው ከአንድ ወገን ጋር ስለ ጉዳዩ ከተነጋገረ ንግግሩን በይፋ ማሳወቅ አለበት፤ አለበለዚያ ውሳኔው በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል።

ስለዚህ የምክር ቤት አባል ምሳ ሊበሉ ወደ ምግብ ቤትዎ ቢመጡ፣ ወይም በበዓል ዝግጅት ላይ ቢያገኟቸው፣ በእንግድነታቸው ያስተናግዷቸው፤ የጎረቤትዎን የዞን ጥያቄ ግን አያንሱባቸው። ቢያነሱ የሚጎዱት የራስዎን ጉዳይ ነው። በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይም ለሕዝብ አስተያየት በተመደበው ጊዜ ስለ እንዲህ ዓይነት ጉዳይ መናገር አይፈቀድም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በሰሌዳው ላይ ያለውን የፕሮጀክት ቁጥር ይመዝግቡ፤ በእጅ ስልክዎ ፎቶ ቢያነሱት ይበልጥ ጥሩ ነው። በዚያ ቁጥር አስተያየትዎን በጽሑፍ ለከተማው የግንባታና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ይላኩ። የአስተያየት መቀበያው ጊዜ 14 ቀን ነው፤ ጊዜው ሳያልቅ በጽሑፍ ከጠየቁ ሌላ 14 ቀን ይጨመራል። ይህን ጭማሪ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል፤ የሚያስፈልገው አንድ አጭር ደብዳቤ ብቻ ነውና። ጎረቤቶችን ለማሰባሰብ፣ የሚያስረዳ ባለሙያ ለማግኘትና ሰነዱን ለማንበብ ከ14 ይልቅ 28 ቀን በጣም ይሻላል። በፖስታ የሚላከው ማስታወቂያ የሚደርሰው እስከ 300 ጫማ ርቀት ላሉት ነው። ከዚያ ወጣ ብሎ ያለ ሰው መረጃውን የሚያገኘው ከሰሌዳው ወይም መሥሪያ ቤቱ በየጊዜው ከሚያወጣው የመሬት አጠቃቀም መረጃ ነው።

ተናገርን፤ በውሳኔው ላይ ግን ቃላችን የለም

ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሰዉ ሥራ ፈቶ፣ ልጁን ለሰው ትቶ ሄዶ ተናግሯልና። ምክንያቱን ለመረዳት የጉዳዩን አካሄድ ማወቅ ይጠይቃል። አመልካቹ ማመልከቻውን ሲያስገባ የግንባታና ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ይጽፋል። ቀጥሎ ሂሪንግ ኤግዛሚነር የሚባለው ገለልተኛ ችሎት ሰሚ ጉዳዩን በግልጽ ችሎት ይሰማል። ምስክርነት፣ ፎቶግራፍ፣ የባለሙያ ጥናት የሚቀርበው እዚህ ነው። ችሎት ሰሚው የራሱን የውሳኔ ሐሳብ ከመዝገቡ ጋር ለምክር ቤቱ ይልካል። ምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጠው በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ በ1995 የወጣው የግዛቱ ሕግ ማስረጃ የሚቀርብበትን ችሎት አንድ ብቻ አድርጎታል። ጉዳዩ ምክር ቤት ሲደርስ ጋዜጣው ይጽፋል፣ ሰዉ ይነቃል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ስለዚህ በቀን መቁጠሪያዎ ላይ በቀይ የሚያከብቡት የምክር ቤቱን ስብሰባ ሳይሆን የችሎት ሰሚውን ቀን ይሁን። አስተርጓሚ ካስፈለገ ቀድመው ይጠይቁ፤ አማርኛ ከተማው አዘውትሮ ከሚያስተናግዳቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በችሎቱ ዕለት ከሚጠይቁ ግን አስተርጓሚ ላያገኙ ይችላሉ።

በቀኑ ተገኝተውም ቃላቸው ያልገባላቸው ሰዎች አሉ። የእነሱ ችግር የሚናገሩት ነገር ከመመዘኛው ጋር አለመገናኘቱ ነው። የከተማው የመሬት አጠቃቀም ሕግ፣ በተለይ ምዕራፍ 23.34፣ የዞን ለውጥ የሚመዘንባቸውን ነጥቦች ይዘረዝራል፦ የቦታው የቀድሞ ዞን ታሪክ፣ የሰፈሩ ዕቅድ፣ ከከፍተኛ ሕንፃ ወደ ዝቅተኛ ቤቶች ያለው ሽግግር፣ በመኖሪያ ቤቶች ላይ በተለይም በዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት ላይ የሚያስከትለው ተፅዕኖ፣ የእግረኛ ደኅንነት፣ የመንገድና የመኪና ማቆሚያ አቅም፣ የተለወጡ ሁኔታዎች እና ሌሎችም።

አንድ ቦታ ከ40 ጫማ ወደ 75 ጫማ ከፍታ እንዲያድግ ተጠየቀ እንበል፤ በስተኋላው ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች አሉ። አንዱ ጎረቤት ተነሥቶ «ይህ ሰፈር የእኛ ነው፣ ባለሀብቱ ገንዘብ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ መኪና የምናቆምበት የለም» ይላል። ንግግሩ ከልብ የወጣ ነው፤ ለውሳኔ ሰጪው ግን የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። የባለሀብቱ ፍላጎት መመዘኛ አይደለም። የመኪና ማቆሚያ መመዘኛ ነው፤ ሆኖም ያለ ማስረጃ ቀርቧል። ሌላዋ ጎረቤት እንዲህ ትላለች፦ «ሕጉ በከፍተኛና በዝቅተኛ ዞን መካከል ቀስ በቀስ የሚቀንስ ሽግግር ይጠይቃል። እዚህ ግን ከ75 ጫማው ሕንፃ ቀጥሎ ያለምንም ማለስለሻ የእኔ ቤት ይመጣል። በመካከል ያለው መተላለፊያ ስፋቱ ይህን ያህል ነው፤ ፎቶው ይኸውና። የሚፈቀድ ከሆነ የላይኞቹ ፎቆች በዚህ በኩል ወደ ውስጥ እንዲገቡ የሚያስገድድ ቅድመ ሁኔታ ይጨመርበት።» ሁለተኛዋ የምትጠይቀው ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በውሳኔው ላይ አሻራዋን የማሳረፍ ዕድሏ እጅግ የሰፋ ነው። ምክር ቤቱ ዞኑን ሲቀይር ባለንብረቱ የሚገባባቸውን ግዴታዎች የያዘ ስምምነት ሊያስፈርመው ይችላል፤ ስምምነቱ በንብረቱ ላይ ስለሚመዘገብ ቦታው ቢሸጥም ቀጣዩን ባለቤት ያስገድዳል። እንዲህ ያለው ቅድመ ሁኔታ የሚመጣው ደግሞ አንድ ሰው በመዝገቡ ውስጥ ሲጠይቀው ነው።

የችሎት ሰሚው የውሳኔ ሐሳብ ካላስደሰተዎት፣ በጽሑፍ ወይም በቃል አስተያየት የሰጡ ከሆነ፣ በ14 ቀን ውስጥ ለከተማው ጸሐፊ ቢሮ ይግባኝ ማስገባት ይችላሉ። አስተያየት ያልሰጠ ሰው ይህ በር አይከፈትለትም።

የራሴን ቦታ ዞን ለማስቀየር ጠየቅሁ፤ ነገሩ ተጓተተ ወይም ውድቅ ሆነ

ከአመልካቾች የምሰማው ማስረዳት ብዙውን ጊዜ ስለ ራሳቸው ነው፦ ቤተሰቡ በዝቷል፣ ምእመናኑ ጨምረዋል፣ ብድሩ ከብዷል። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው፤ ሕጉ ግን የሚመዝነው ቦታውን ነው። ባለቤቱ ነገ ሊሸጠው ይችላልና። ሌላው የተለመደ መሰናክል የከተማው አጠቃላይ ዕቅድ ነው። የተጠየቀው ዞን የወደፊቱ የመሬት አጠቃቀም ካርታ ለዚያ ቦታ ካስቀመጠው ጋር ከተጋጨ አስቀድሞ ዕቅዱ መሻሻል አለበት፤ በ1990 በወጣው የግዛቱ የዕድገት አስተዳደር ሕግ መሠረት ደግሞ ከተሞች ዕቅዳቸውን የሚያሻሽሉት በመደበኛነት በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ይህን ሳያዩ ለአርክቴክት የከፈሉ ሰዎች አሉ።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን «በእርግጥ የዞን ለውጥ ያስፈልገኛል?» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ለሚሠራ ቤተ እምነት ሊጠየቅ የሚችለው በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ የአጠቃቀም ፈቃድ ነው። ሱቅን ወደ ምግብ ቤት ለመለወጥ፣ ዞኑ ምግብ ቤት የሚፈቅድ ከሆነ፣ የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ይበቃል። እነዚህን የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ምክር ቤት አይደርሱም፤ በጊዜም በገንዘብም እጅግ ይቀላሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ከመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ጋር የቅድመ ማመልከቻ ውይይት ያድርጉ፤ የተነገረዎትንም በጽሑፍ ያስቀምጡ።

ምንም ሳልጠይቅ የቤቴ ዞን ተቀየረ

እዚህ ላይ ከተማው ራሱ ሕግ የሚቀይርበት ሁለተኛው ዓይነት ይመጣል። በመጋቢት 2019 ምክር ቤቱ 27 «የከተማ መንደሮችን» (ከተማው ዕድገት እንዲያተኩርባቸው የመረጣቸውን ሰፈሮች) የሚነካ ሕግ በአንድ ድምፅ አጽድቋል፤ የሕንፃ ከፍታና መጠን እንዲጨምር ፈቅዶ በምትኩ ገንቢው በአቅም የሚከራዩ ቤቶችን እንዲያካትት ወይም ገንዘብ እንዲከፍል ያስገድዳል። በዞን ስም መጨረሻ ላይ የሚታየው «ኤም» ፊደል ይህን ግዴታ ያመለክታል። ለምሳሌ «ኤንሲ2-55(ኤም)» ማለት የሰፈር ንግድ ዞን፣ ሁለተኛው ደረጃ፣ 55 ጫማ ከፍታ፣ በአቅም የሚከራዩ ቤቶች ግዴታ ያለበት ማለት ነው፤ «ኤም1» ወይም «ኤም2» ከሆነ ግዴታው ይጨምራል። በ2023 ደግሞ የግዛቱ ሕግ አውጪ አካል ከ75,000 በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች በእያንዳንዱ የመኖሪያ ቦታ ላይ ቢያንስ አራት ቤት፣ በዋና የሕዝብ ትራንስፖርት አቅራቢያ ስድስት ቤት እንዲፈቅዱ አዝዟል። ይህን የሲያትል ምክር ቤት ሊሽረው አይችልም።

እንዲህ ባለ ሕግ ላይ ከምክር ቤት አባሉ ጋር መነጋገር ይፈቀዳል፤ ሊያደርጉትም ይገባል። ከዘጠኙ አባላት ሰባቱ ከየወረዳቸው፣ ሁለቱ ከመላ ከተማው ይመረጣሉ። ይጻፉላቸው፣ ቀጠሮ ይያዙ፣ በማኅበር ሆነው ይሂዱ። ማሻሻያ የሚቀርበውና የሚደራደሩበት በኮሚቴ ደረጃ ነው፤ ሁሉም አባላት ድምፅ በሚሰጡበት ቀን የሚነገር ቃል እምብዛም አይለውጥም። የሚጠይቁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘው ይሂዱ፦ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ዞን፣ ምን ይሁን።

ሕንፃው ሊፈርስ ነው፤ ምግብ ቤቴ ምን ይሆናል?

ለአገራችን ሰዎች ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ተከራይ ነጋዴ የዞን ውሳኔ ይጠብቀኛል ብሎ ካሰበ ተሳስቷል። ዞን የሚናገረው በቦታው ምን ሊሠራ እንደሚችል ነው፤ እርስዎ በቦታው ይቆዩ አይቆዩ የሚወሰነው በኪራይ ውልዎ ነው። ብዙ የንግድ ቤት ውሎች ባለንብረቱ ሕንፃውን ለማፍረስ ሲወስን ውሉን ቀድሞ የሚያቋርጥበት አንቀጽ አላቸው። ዛሬውኑ ውሉን አውጥተው ያን አንቀጽ ይፈልጉ፦ ማስጠንቀቂያው ስንት ወር ነው? ለወጥ ቤቱ፣ ለጭስ ማውጫው፣ ለወለሉ ያወጡት ገንዘብ ካሳ ይከፈልበታል? ወደ አዲሱ ሕንፃ የመመለስ መብት አለ? ውል ሲያድሱ እነዚህን ያስገቡ፤ ዕድሳት ጊዜ ያለዎት የመደራደር ኃይል በኋላ አይገኝም። ማስታወቂያው ከወጣ ደግሞ የንግድ ቤትዎ ለሰፈሩ ያለውን ጥቅምና የሠራተኞችዎን ቁጥር በመዝገቡ ያስገቡ፤ የሥራ ዕድልም በሕጉ ከሚመዘኑት ነጥቦች አንዱ ነው።

አጠር አጠር ያሉ ሌሎች

የሕግ ጥሰት ደብዳቤ ከደረሰዎት ወደ ምክር ቤት አይሂዱ፤ ደብዳቤውን ለጻፈው መርማሪ በተሰጠው ቀን ውስጥ ይመልሱ፣ ጊዜ ካስፈለገም በጽሑፍ ይጠይቁ። ምክር ቤቱ አንድ ነገር «አጽድቋል» ተብሎ ምንም ያልተለወጠ ከሆነ የጸደቀው የአቋም መግለጫ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሕግ አይደለም። ሕግ ከሆነም ከንቲባው ከፈረሙ በኋላ በተለምዶ 30 ቀን ቆይቶ ነው የሚጸናው።

የመጨረሻውን ውሳኔ በፍርድ ቤት ለመቃወም ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ አያራዝሙልዎትም። በአንድ ቦታ ላይ ለተሰጠ የዞን ውሳኔ ለካውንቲው ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤቱታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው። ሰፊ አካባቢን የሚመለከት ሕግ ከግዛቱ የዕድገት አስተዳደር ሕግ ጋር ይጋጫል የሚል ክርክር ደግሞ ለግዛቱ የይግባኝ ቦርድ በ60 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ውሳኔው ከወጣ ወይም ሕጉ ከታተመ ጀምሮ ነው፤ እርስዎ የሰሙበት ቀን አይቆጠርም። በሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቁት ቀደም ባሉት ደረጃዎች ላይ ተሳትፈው እንደነበር ነው፤ ስለዚህ ወደ ጠበቃ ሲሄዱ ቀደም ሲል ለከተማው የላኩትን ደብዳቤ፣ የተቀባይነት ማረጋገጫውንና ቀኑን የያዘውን ፋይል ይዘው ይሂዱ።