ከሎግ ፋይል ውስጥ ኪሎና ሂሳብን በሬጀክስ እንዴት እንለቅማለን?

ኅዳር ጅማ ላይ ቡና የሚለቀምበት ወር ነው። ሂርማታ አካባቢ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) የሚሰበስብ ወዳጄ ግዢውን በስልክ አፕ ይመዘግባል። አንድ ቀን ሪፖርቱ አልከፈት አለ። ሎጉ፣ ማለትም አፑ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበት የጽሑፍ ፋይል፣ ግን እያንዳንዱን ግዢ ጽፎ አስቀምጧል። በእጅ ከመልቀም ሬጀክስ (ጽሑፍን በቅርጹ የመፈለጊያ ዘዴ) ይሻላል ብዬ አብረን ተቀመጥን።

መጀመሪያ አንዱን መስመር ረጋ ብላችሁ እዩት፦

2017-03-12 04:15 ግዢ ጀንፈል ኪሎ=62.5 ሂሳብ=9375

ቁጥሩ በየመስመሩ ይለያያል። «ኪሎ=» ግን የትም አይሄድም። መያዣችን እሱ ነው።

ፋይሉን በቪኤስ ኮድ (ኮድና ጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም) ክፈቱ። ኮንትሮልና ኤፍ ተጫኑ። መፈለጊያው ላይ .* የሚለውን ምልክት አብሩ፤ ካልበራ ሬጀክሱን እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚፈልገው።

[0-9]+ ብላችሁ ሞክሩ። አንድ ወይም ከዚያ በላይ አሃዝ ማለት ነው። ቀኑንም ሰዓቱንም ይለቅማል፣ አይሆንም። ኪሎ=[0-9]+ ስትሉ ቀኑ ይቀራል፤ 62.5 ላይ ግን 62 ብሎ ይቆማል። ግማሽ ኪሎ የገበሬ ገንዘብ ነው፣ መጥፋት የለበትም። ስለዚህ፦

(?<=ኪሎ=)[0-9]+(\.[0-9]+)?

ነጥብ ብቻዋን «ማንኛውም ምልክት» ማለት ስለሆነች \ ይቀድማታል። መጨረሻ ላይ ያለው ? «ክፍልፋዩ ቢኖርም ባይኖርም» ይላል። የመጀመሪያው ቅንፍ ደግሞ «ኪሎ= ከፊቱ ይኑር፣ ግን አትውሰደው» ነው። ኦልትና ኢንተር አብራችሁ ስትጫኑ ቁጥሮቹ በሙሉ ይመረጣሉ። ኮፒ አድርጉና አዲስ ፋይል ላይ ለጥፉ።

ለሂሳቡም እንዲሁ አደረግን። የተገኘው ከኪሎው አነሰ! ብዙ ፈለግን። ለካ ሎጉ አንዳንድ ቦታ «ሂሳብ»፣ አንዳንድ ቦታ «ሒሳብ» ይላል። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሌላና ሌላ ፊደል ናቸው። መፍትሔው «ከእነዚህ አንዱ» የሚለው ካሬ ቅንፍ ነው፦

(?<=[ሂሒኂ]ሳብ=)[0-9]+(\.[0-9]+)?

ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ ያለበት ቃል ሲያጋጥማችሁም እንዲሁ አድርጉ። በአማርኛ ሎግ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያደክመው ይሄ ነው።

ሁለቱን ዝርዝሮች ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን ከመለጠፋችሁ በፊት መፈለጊያው የሚያሳየው ብዛት እኩል መሆኑን እዩ። በአንድ እንኳ ቢለያይ፣ ከዚያ መስመር በታች የአንዱ ገበሬ ኪሎ ከሌላው ብር ጋር ይገጥማል።