ውጭ አገር ባይሊንጓል ትምህርት ቤት ማስተማር ለምትፈልጉ

ብዙ ሰው "የእንግሊዝኛ መምህር ይፈለጋል" የሚለውን ማስታወቂያ ብቻ እያሳደደ ወራት ያባክናል። ባይሊንጓል ትምህርት ቤት ግን ከቋንቋ ማሰልጠኛም ከኢንተርናሽናል ስኩልም ይለያል፤ ተማሪዎቹ በብዛት የዛው አገር ልጆች ናቸው፣ ከትምህርቱ ከፊሉን በራሳቸው ቋንቋ ከፊሉን በእንግሊዝኛ ወይ በፈረንሳይኛ ነው የሚማሩት። ስለዚህ የሚቸግራቸው ሰዋስው የሚያስተምር ሰው ሳይሆን ሂሳብ ወይ ባዮሎጂ በሁለተኛው ቋንቋ ማስረዳት የሚችል መምህር ነው። ሲቪያችሁ ላይ ሰብጀክታችሁ ይቅደም፣ ቋንቋው ከሱ ቀጥሎ ይምጣ።

ይሄ በፓስፖርት በኩልም ይጠቅማል። ደቡብ ኮሪያ ኢ-2 የሚባለውን ቪዛ ለእንግሊዝኛ መምህር የምትሰጠው በዋናነት ለ7 አገር ዜጎች ነው፣ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። ያናድዳል፣ ግን ህጉ ነው። የሰብጀክት መምህር ሆኖ ያመለከተ ሰው ግን ብዙ ቦታ በሌላ የቪዛ ዓይነት ነው የሚስተናገደው።

የመምህርነት ዲግሪ፣ ላይሰንስና 2 ዓመት ልምድ ካላችሁ ለአጫጭር ኮርስ ብር አታውጡ። የግድ ከሆነ ሴልታ (CELTA፣ የእንግሊዝኛ ማስተማር ሰርተፍኬት) ይሻላል፣ 6 ሰዓት ያህል እውነተኛ ተማሪ ፊት እየታያችሁ ታስተምራላችሁና።

ኦገስት ወይ ሴፕቴምበር የሚከፈቱ ትምህርት ቤቶች ቅጥር የሚጀምሩት ካለፈው ዓመት ኦክቶበር ኖቬምበር ገደማ ነው፣ እንደ ቺሊና አርጀንቲና ያሉት ደግሞ ፌብሩዋሪ ማርች ላይ ስለሚከፍቱ አቆጣጠሩ ይገለበጣል። ቴስ (Tes) እና ሰርች አሶሺዬትስ (Search Associates) የሚባሉት የመምህራን ቅጥር ድረገጾች ላይ ፈልጉ፣ ግን የትምህርት ቤቱን የራሱን ዌብሳይትም ግቡበት፣ ኤጀንሲ ጋ ያልደረሰ ክፍት ቦታ እዛ ይገኛል።

ዶክመንት ላይ አትዘናጉ። ዲግሪና ከወንጀል ነፃ ማስረጃ አፖስቲል (ሰነዱ ሌላ አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚሰጥ ማረጋገጫ) ይፈልጋሉ፣ አገራችሁ የ1961ዱ የሄግ ስምምነት ውስጥ ከሌለች ደግሞ በውጭ ጉዳይና በኤምባሲ በኩል ነው የሚረጋገጠው፣ ጊዜ ይበላል። የስም ፊደል አንድ በአንድ አስተያዩ። እኔ ፓስፖርቴ ላይ ሁለት ኤስ ዲግሪዬ ላይ አንድ ኤስ ሆኖ ሶስት ሳምንት ተንከራትቻለሁ።

ዴሞ ላይ፣ ማለትም ቀጣሪዎቹ እያዩ ለሙከራ በምታስተምሩት ክፍለ ጊዜ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚወድቀው። የመጀመሪያው ዴሞዬ 15 ደቂቃ ነበር፣ 11ዱን እኔ አወራሁት፣ አልቀጠሩኝም፣ ልክ ነበሩ። የሚያዩት ቋንቋው ያልገባው ልጅ ትምህርቱን ተከታተለ ወይ የሚለውን ነው። በሚቀጥለው አንድ ወረቀት ለሁለት ሌላውን ለሶስት አጠፍኩ፣ ሰሌዳው ላይ "___ ይበልጣል ምክንያቱም ___" ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና ዝም አልኩ፣ ልጆቹ ራሳቸው ሞልተው አነበቡት። በቃ ይሄው ነው፣ ስዕል፣ የሚነካ ነገር፣ ጎደሎ ዓረፍተ ነገር፣ ትንሽ ወሬ።

ኮንትራት ሲመጣ ደሞዙን አይታችሁ አትፈርሙ። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ነው፣ ታክስ ተቀንሶ ነው ወይስ ሳይቀነስ፣ የአውሮፕላን ትኬቱን አስቀድመው ይገዛሉ ወይስ ዓመቱ ሲያልቅ ነው የሚመልሱት፣ መሀል ላይ ብትለቁ ቅጣቱ ስንት ነው፣ ይሄ ሁሉ በጽሁፍ ይሁን። "ለጊዜው በቱሪስት ቪዛ ግቡ ከዛ እንቀይራለን" ካሏችሁ ተዉት፣ ችግር ሲመጣ የሚባረረው እናንተ እንጂ ትምህርት ቤቱ አይደለም። ለቅጥር ክፈሉ የሚልም ቀጣሪ አይደለም።

ከመፈረማችሁ በፊት አሁን እዛ የሚያስተምር ሰው አገናኙኝ በሉ። ባለፉት ሶስት ወራት ደሞዝ በስንት ቀኑ ገባ፣ አምና ከነበሩት መምህራን ስንቱ አለ፣ ማታ ማታ ሚቲንግ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ ከቻላችሁ አለቃው በሌለበት።